ፈረስና ዕቃው፦ ከኮሶበር ገበያ እስከ መጀመሪያው ግልቢያ

ፈረሴ "ነካሽ ነው" ተብሎ ስሙ የጠፋው በጥር ወር ነው። ኮርቻ ይዤ ስጠጋ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፤ የሆዱን ጠፍር ሳጠብቅ ዞሮ ክንዴን ይፈልጋል፤ ስወጣበት ወገቡን ዝቅ ያደርጋል። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ አፍ "ሽጠው፣ አይሆንህም" አለ። አንድ ማታ ግላሱን፣ ማለት የኮርቻውን ልብስ፣ ሳነሣ ከጫንቃው በታች መዳፍ የምታህል ቦታ ጠጉሯ ተመልጦ፣ ቆዳዋ ረጥቦ አየሁ። ገጣባ። ኮርቻውን የገዛሁት ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲሆን የመረጥሁትም በመርገፉ፣ በሚንጠለጠለው ጌጥ፣ ማማር ነበር። "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" ይባላል፤ እኔ ደግሞ ዳውላውን ትቼ አህያውን ስወቅስ ከርሜያለሁ።

ይኸ መመሪያ የመጀመሪያ ፈረሱን ለገዛ ወይም ለሚገዛ ሰው ነው። የተጻፈው እንጅባራና አካባቢውን ይዞ ነው፤ ኮሶበር እያልን የምንጠራት ከተማ ማለቴ ነው። ለዳንግላም፣ ለቡሬም፣ ለደብረ ማርቆስም ይሠራል። ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ልጓም፣ ቀጥሎ ኮርቻ፣ መጨረሻ ላይ ገመድ ይገዛል። ትክክሉ ተገላቢጦሹ ነው።

ከገበያ በፊት፦ ሽቦና ካርቶን

ኮርቻ ልትገዙ ስትሄዱ ፈረሱን ይዛችሁ ብትሄዱ ከሁሉ ይሻላል። ካልተቻለ የጀርባውን ቅርጽ ይዛችሁ ሂዱ። ፈረሱን ሜዳ ቦታ ላይ አራት እግሩ እኩል እንዲቆም አድርጉ። አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን በቀላሉ የሚታጠፍ ሽቦ ከጫንቃው አራት ጣት ያህል ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አግድሙን አስቀምጡና ግራና ቀኙን በመዳፋችሁ እየተጫናችሁ ከሰውነቱ ጋር አጣብቁት። ቅርጹ ሳይበላሽ አንሥታችሁ ካርቶን ላይ አኑሩትና በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ ቦታ አንድ ስንዝር ተኩል ወደ ኋላ ሄዳችሁ ደግማችሁ ለኩ። ካርቶኖቹን ቆርጣችሁ "ፊት" እና "ኋላ" ብላችሁ ጻፉባቸው።

እኔ ሁለተኛውን ኮርቻ ልገዛ ስሄድ ካርቶኖቹን ከቦርሳዬ ሳወጣ ሽማግሌው ኮርቻ ሠሪ ሳቁ። "ፈረሱን በቦርሳ ይዞ የመጣ ሰው ዘንድሮ አየሁ" አሉ። "አያ፣ ይሞክሩልኝ እንጂ" አልኋቸው። ካርቶኑን በተደረደሩት ኮርቻዎች ሥር አንድ በአንድ እያስገቡ ሲያዩ ሳቃቸውን ተውት። ከአራቱ ሦስቱ ፊታቸው ጠባብ ነበር። አራተኛው መርገፍ የለው፣ ቆዳው የደበዘዘ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ነው። እሱን ገዛሁ።

ኮርቻ ስትመርጡ ገልብጣችሁ ተመልከቱ። ክብደቱን የሚሸከሙት በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉት ሁለቱ እንጨቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አጥንቱን ፈጽሞ መንካት የለበትም። ሰው ተቀምጦበት ሳለ ከፊት በኩል በጫንቃውና በኮርቻው መካከል ሁለት ጣት ማለፍ አለበት። ሰው ሳይቀመጥበት ቢያልፍ ዋጋ የለውም፤ ከኮርቻው ሥር ያለው ምንጣፍ ክብደት ሲያርፍበት ይሟሽሻል። ቀጥሎ መዳፋችሁን በእንጨቶቹ ሥር ከፊት ወደ ኋላ አሳልፉ። የደረቀ የጠፍር ቋጠሮ፣ የሚስማር ጫፍ ወይም የእንጨት ጉጥ ከቧጠጣችሁ ፈረሱንም ይቧጥጠዋል። መጨረሻ ላይ ኮርቻውን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጠምዝዙት፤ ሲጢጥ ካለ ማሰሪያው ላልቷል።

እርካቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚሞትበት ዕቃ ነውና። የጥንቱ እርካባችን ለባዶ እግር የተሠራ ጠባብ ቀለበት ነው፤ ፈረሰኛው የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነበር። ዛሬ በጫማ ነው የምንጋልበው። ጫማ ያደረገ እግር ጠባብ እርካብ ውስጥ ከተወተፈ ሲወድቁ አይወጣም፤ ፈረሱም እየጎተተ ይሮጣል። እርካቡ ከጫማችሁ ወርድ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጣት መትረፍ አለበት። የምትጋልቡበትን ጫማ አድርጋችሁ ሂዱና እዚያው ገበያ ላይ ሞክሩት። ብረት ቀጥቃጭ አስፍቶ ይሠራላችኋል።

ማን ምን ይሸጣል

በእኛ አገር "የፈረስ ዕቃ" የሚል ታፔላ ያለው ሱቅ መፈለግ ድካም ነው። ዕቃው በአራት አምስት ሰው እጅ ተበታትኖ ያለ ነው፤ የገበያ ቀን ጠብቃችሁ በጠዋት ገብታችሁ እየዞራችሁ ትለቅሙታላችሁ።

ገመድ ከገመድ ሻጮች ነው። የቃጫ ወይም የጥጥ ገመድ፣ ውፍረቱ አውራ ጣት የሚያህል፣ ርዝመቱ አንዱ 3 ሜትር፣ ሌላው 7 ሜትር ይሁን። ናይለን ርካሽና የማይበጠስ ቢሆንም ሲያመልጥ መዳፍ ያቃጥላል፤ የፈረሱንም አገጭ ይልጣል። የራስ ማሰሪያውን ከሰፊ ጥብጣብ አሰፉ። የተጣለ የመኪና ቀበቶ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ጋራዥ ጠይቁ።

ኮርቻ፣ ወዴላ (በጭራው ሥር የሚያልፈው ጠፍር)፣ የደረት ጠፍርና ዛብ (የልጓሙ መሳቢያ) ከቆዳ ሠሪዎች ይገኛሉ። በዓሉ ሲቃረብ ገበያው ይሞላል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ፈረሰኛው ከየወረዳው ይጎርፋል፤ ፈረሶች በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዋሉት ውለታ የሚታሰብበት ቀን ነው። ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት የሚሸጠው ብዙው ጌጥ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ ክር፣ ቃጭል፣ ያማረ ግላስ። ጌጥ ግዙ፤ እኔም እገዛለሁ። ኮርቻና ጠፍር ግን በጥቅምት ወይም በበዓሉ ማግሥት ግዙ፤ ሠሪው ጊዜ አለው፣ እናንተም ለመመለስና ለማስተካከል ጊዜ ይኖራችኋል።

ማበጠሪያ አትግዙ። የበቆሎ ቆሮቆንዳ የደረቀ ጭቃ በማራገፍ ማንኛውንም ብሩሽ ይበልጣል፤ ሲያረጅ ትማግዱታላችሁ። ሰኮና ለመጎርጎር ጫፉ የደነዘ ካቻቢቴ ይበቃል።

አሮጌ ዕቃ ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በጋሪ ፈረሶች ላይ በብዛት የሚታይ፣ በእግርና በደረት ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ የሚያብጥና መግል የሚቋጥር በሽታ አለ። ሻጋታ መሰል ተሕዋስ የሚያመጣው ሲሆን በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይተላለፋል። ስለዚህ ገለባ የተሞላ አሮጌ ምንጣፍ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ፤ ውስጡ አይታጠብም። ቆዳና ብረት ከሆነ በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ማክረም ይቻላል። ለራሳችሁ ፈረስ ግን ምንጣፉ አዲስ፣ የግሉ ይሁን። ሁለት እጥፍ ብርድ ልብስ በቂ ነው፤ ላብ ሲጠጣ ይታጠባል።

መኖና ውኃ

መጀመሪያ የፈረሱን ክብደት እወቁ፤ ለመኖም ለመድኃኒትም ያስፈልጋል። የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሳችሁ ከፊት እግሩ ኋላ የደረቱን ዙሪያ ለኩ። ከዚያ ከትከሻው ፊት ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ያለውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለኩ። ዙሪያውን በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11,877 አካፍሉት። የእኔ ፈረስ ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 130 ነው፤ ወደ 215 ኪሎ ይመጣል። ግምት ነው፤ ግን በዓይን ከመመዘን ይሻላል።

ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል። ለእኔው ከ4 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። አብዛኛው ድርቆሽና ግጦሽ ይሁን። ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ አያወፍርም። ከዚያ በላይ ለሚሠራ ፈረስ እንግዶ (አጃ) ወይም ገብስ በትንሹ፤ ፉርሽካ ከዱቄት ፋብሪካ፣ የኑግ ፋጉሎ ከዘይት መጭመቂያ ይገኛል። ጆንያውን ሳትከፍሉ እጃችሁን እስከ ክንድ አስገብታችሁ መካከሉን አውጥታችሁ አሽትቱ። የሻገተ ከሸተተ ተዉት። ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ የበላው ክፉ ነገር የሚወጣበት ሌላ በር የለውም። አዲስ መኖ በ7 እስከ 10 ቀን እያለማመዳችሁ ጨምሩ፤ በአንድ ጊዜ የተሰጠ ቁና ገብስ በቁርጠት ሊገድለው ይችላል። አሞሌ ጨው እንዲልስ አስቀምጡለት።

ሁለት ነገር ፈጽሞ አትስጡ። አንዱ ጓያ ነው። ሰውን እንደሚያሽመደምድ እናውቃለን፤ ፈረስንም ይጎዳል። ጉሮሮውን ያሰንፈውና ሲሮጥ አየር እያጠረው ያጓራል። ሁለተኛው የዶሮ መኖ ነው። አንዳንዱ የዶሮ መኖ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ይደባለቅበታል፤ ለዶሮ የታሰበው መጠን የፈረስን ልብ ይመታል። ሁለቱ ጆንያዎች አንድ ጎተራ ውስጥ አይቀመጡ፤ ፈረስ ማታ ገመዱን ፈትቶ የሚገባው የማይገባበት ቤት ነው።

ውኃ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር፣ ሲሠራ ከዚያም በላይ። ከረጋ ኩሬ አታጠጡ፤ አልቅት አፉና አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ከአፍንጫው ደም ጠብ ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።

መድኃኒት

ገበያ ላይ ላስቲክ አንጥፎ የሚሸጥ ክኒን አትግዙ። ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ኬላ ሂዱ፤ የለካችሁትን ክብደት ንገሯቸው፤ የትል መድኃኒት የሚታዘዘው በኪሎ ነው። ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንሽ ተናካሽ ትንኝ ናት፤ የምትበዛው ዝናቡ ሲያበቃ ነው። ከዓይን በላይ ያለው ጎድጓዳ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረና ከአፍንጫ አረፋ ከወጣ ሰዓትም አይሰጥም። በመስከረምና በጥቅምት ማታ ማታ ፈረሱን ከረግረግ አርቃችሁ ቤት አስገቡት። ሁለተኛው ጥያቄ የቴታነስ ነገር ነው። ፈረስ ለቴታነስ ከብዙ እንስሳ ይልቅ ስስ ነው፤ ሰኮናው ሥር የገባች ሚስማር ትበቃዋለች።

ፈረስ ያለው ቤት ውሻ አይታጣምና ስለ እሱም ልጨምር። ከእነዚሁ ገበያዎች የታሸገ የውሻ ምግብ አትጠብቁ፤ እንጀራና አጓት የማይጎል ምግቡ ነው። ማነቂያውን ኮርቻ ሠሪው ከትራፊ ቆዳ ይሰፋዋል፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ ከዚያው ጤና ኬላ አስወጉት፤ ያበደ ውሻ የነከሰው ፈረስም ያብዳል፣ ሰውም ይነክሳል። በግ ስታርዱ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አትወርውሩ። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሻው ከበላው የትሉ እንቁላል በኩሱ ወጥቶ ልጆች እጅ ላይ ይደርሳል።

መግራት፦ ገመድ ይቅደም

ዕድሜውን በጥርሱ እዩ። የወተት ጥርስ ትንሽና ነጭ ነው፤ ቋሚው ትልቅና ቢጫ ይላል። ከፊት መካከለኞቹ 2 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ቀጣዮቹ 3 ዓመት ተኩል፣ ዳርቾቹ 4 ዓመት ተኩል ገደማ ይቀየራሉ። 5 ሲሞላ አፉ ሙሉ ነው። ገመድ ማስለመድ በውርንጭላነት ይጀመራል፤ ሰው መጫን ግን 3 ሳይሞላ አይሆንም፤ እኔ 4ን እመርጣለሁ። ለጀማሪ ደግሞ ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ) አትግዙ፤ ሰንጋ (የተኮላሸ) ፈረስ ወይም የረጋች ባዝራ (ሴት ፈረስ) ይሻላል። በዚህ ላይ ገበያ ውስጥ የሚከራከራችሁ አይጠፋም፤ ድንጉላ ግርማ አለው። ግርማውን ከሌላ ሰው ፈረስ ላይ አይታችሁ ተመለሱ።

ጊዜው ከአጨዳ በኋላ፣ ቦታው የታረሰ ለስላሳ ማሳ ነው። ፈረሱ ቢሮጥ ይደክመዋል፤ እናንተም ብትወድቁ አትሰበሩም። በቀን 20 ደቂቃ በቂ ነው፤ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል።

1ኛ፣ መጠጋት። ፈረስ በቀጥታ ከግንባሩ ፊትና ከጭራው ኋላ ያለውን አያይም። ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ እያወራችሁ ቅረቡ። ስም አውጡለት። የጎጃም ሰው በፈረስ ስም መጠራት ያውቅበታል፤ በላይ ዘለቀን አባ ኮስትር ያስባለው ይኸው ልማድ ነው። ፈረሱን የምትጠሩበት ስም ግን አጭር ይሁን፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት ድምፅ ጥሩት። አንገቱን፣ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ እግሮቹን በመዳፍ አብሱ። ሲሸሽ እጃችሁን አትንጠቁ፤ እንዳለ ያዙት፤ ሲቆም አንሡ።

2ኛ፣ መሳብ። ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ይኸን ያገኘ ሰው የቀረውን ራሱ ይደርስበታል። በራስ ማሰሪያው ላይ 3 ሜትሩን ገመድ እሰሩ። ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከትከሻው ጎን ቆማችሁ ገመዱን ወደፊት ወጠር አድርጉ። አትጎትቱ። ወጥራችሁ ብቻ ቆዩ። ፈረሱ መጀመሪያ አንገቱን ያደነድናል፤ ራሱን ያነሣል፤ ወደ ኋላም ሊያፈገፍግ ይችላል። ያው ውጥረት ይቆይ፤ አይጨምር፣ አይቀንስ። ትንሽ ቆይቶ ክብደቱን ወደፊት እግሩ ያዛውራል፤ ደረቱ ንቅንቅ ትላለች። ገና ሳይራመድ ነው። በዚያች ቅጽበት ገመዱን ጣል አድርጉና ላላ ይበል። ትምህርቱ ያ መላላት ነው። ውጥረቱ ይጠይቀዋል፤ መላላቱ "አዎ፣ እሱ ነው" ይለዋል። ዘግይታችሁ ካላላችሁ ምን እንዳስደሰታችሁ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ፈረሱ በሁለት ጣት ይከተላችኋል። በዚሁ መንገድ ወደ ኋላ መመለስን፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞርን አስተምሩ።

ገመዱን በእጃችሁ ወይም በወገባችሁ ላይ ፈጽሞ አትጠምጥሙ። ስታስሩትም በአንድ መሳብ በሚፈታ ቋጠሮ ይሁን፤ ቁመቱ በደረቱ ልክ።

3ኛ፣ እግር ማንሣት። ትከሻችሁን ትከሻው ላይ አስደግፋችሁ በእጃችሁ ከላይ ወደ ታች እግሩን አብሱ፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለውን ጅማት ቆንጠጥ አድርጉ። ሲያነሣ ለአንድ ትንፋሽ ያዙና ራሳችሁ አስቀምጡለት። ነጥቆ ሲያወርድ ከለቀቃችሁት መንጠቅን ታስተምሩታላችሁ። ሰኮናውን በካቻቢቴው ከተረከዝ ወደ ጫፍ ጎርጉሩ። ክፉ ሽታና ጥቁር ልቅላቂ ካለው መቆሚያው ጭቃ በዝቶበታል፤ ቦታውን አድርቁ።

4ኛ፣ ዙር። በ7 ሜትሩ ገመድ ዙሪያችሁን አስኪዱት። "ቼ" ስትሉ እንዲሄድ፣ "ቁም" ስትሉ እንዲቆም። ቃሉ መጀመሪያ፣ ገመዱ ቀጥሎ ይምጣ። አለንጋ ብትይዙ እጃችሁን ለማርዘም እንጂ ለመምታት አይሁን። መጀመሪያ በርምጃ ብቻ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ። በሁለቱም ጎን እኩል አዙሩት፤ በአንድ በኩል ብቻ ከለመደ በሌላው ጎኑ እንግዳ ፈረስ ነው የሚሆንባችሁ።

5ኛ፣ ኮርቻ። መጀመሪያ ብርድ ልብሱን ብቻ እንዲያሸተው አድርጋችሁ አልብሱት፣ አውልቁት፣ ደግማችሁ አልብሱት። ኮርቻውን በቀስታ አኑሩ፤ እርካቦቹ ሆዱን እንዳይመቱት ወደ ላይ እጠፏቸው። ጠፍሩን በሦስት ጊዜ አጥብቁ፤ በመጀመሪያው እንዳይወድቅ ያህል፣ ጥቂት ካራመዳችሁት በኋላ ደግሞ ትንሽ፣ በመጨረሻ ሁለት ጣት ብቻ እስኪያልፍ። ወዴላው ጭራውን ሰቅዞ እንዳይዝ ሁለት ጣት አስገቡበት። ኮርቻ እንዳደረገ የ4ኛውን ዙር ለአንድ ሳምንት ድገሙት።

6ኛ፣ ሰው። አንድ ሰው ገመዱን ይያዝ። የሚወጣው መጀመሪያ በሆዱ ኮርቻው ላይ ይንጠልጠል፣ ይውረድ። ፈረሱ ረግቶ ሲተነፍስ ይቀመጥ። ቀላል ሰው ይቅደም። ፈረስ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ይሸከም የሚለውን ደንብ ብንከተል 215 ኪሎው ፈረሴ የሚችለው 43 ኪሎ ነው፤ ኮርቻውም ይቆጠራል። እኔ 70 ኪሎ ነኝ። ስለዚህ መንገዴን አሳጥራለሁ፣ ዳገት ላይ ወርጄ አብሬው እሄዳለሁ። የሰፈሩ ሰው "ፈረስ እያለህ በእግርህ" ይላል። ይበል። በዚህ ደረጃ መሪው ከራስ ማሰሪያው ግራና ቀኝ የታሰሩ ሁለት ገመዶች ናቸው፤ ልጓም አሁንም አልገባም።

7ኛ፣ ልጓም። በሁለቱ ገመድ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ ብቻ። የእኛ ልጓም ብርቱ ነው፤ አፉ ውስጥ ከሚገባው ብረት ጋር የታች መንጋጋውን የሚከብብ ቀለበት አለው፤ ዛቡ ሲሳብ ብረቱ ምላሱንና ላንቃውን፣ ቀለበቱ አገጩን ይይዛል። በጉግስ ሜዳ በአንድ እጅ ለማቆም የተፈጠረ ነው። ባልተማረ ፈረስ አፍ ውስጥ፣ ባልተማረ ሰው እጅ ሲገባ ግን ምላስ ይቆርጣል። ለጀማሪ ቀለበት የሌለው፣ መካከሉ የሚታጠፍ ለስላሳ ብረት ብረት ቀጥቃጩን አሠሩት፤ በሞረድ አለስልሶ፣ በምላሳችሁ ብትልሱት እንኳ የማይቧጭር እንዲሆን። በቀዝቃዛ ጠዋት በብብታችሁ አሙቁት፤ ማር ቀቡት። አውራ ጣታችሁን በከንፈሩ ጥግ፣ ጥርስ በሌለበት ባዶ ቦታ አስገቡ፤ አፉን ሲከፍት ብረቱን አሳልፉ። ለጥቂት ቀን ዛብ ሳይኖረው እያኘከው ይዋል። ራሱን እየነቀነቀ እምቢ ካለ ጥርሱ ሹል ሆኖ ጉንጩን እየቆረጠው ሊሆን ይችላልና ጤና ኬላ አሳዩት።

ሽምጥ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፈረሱ ይዟችሁ ቢበር ሁለቱን ዛብ አትሳቡ፤ ተደግፎባችሁ ይሮጣል። አንዱን ብቻ እየሳባችሁ በሰፊው አዙሩት፤ ክቡን እያጠበባችሁ ስትሄዱ ይቆማል። ይኸን አስቀድማችሁ በርምጃ ተለማመዱት።

ለበዓል የምታዘጋጁት ከሆነ ከበሮ፣ ባንዲራና ጭፈራ ከሩቅ ጀምሩ። አንድ ልጅ ጨርቅ በዱላ ላይ ይዞ መቶ እርምጃ ርቆ ይቁም። ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲያኝክ ልጁ አሥር እርምጃ ይቅረብ። ፈረሱ ጆሮውን ከቀሰረ ልጁ ይመለስ። ሳምንታት ይወስዳል፤ በበዓሉ ዋዜማ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ከወረዳችሁ በኋላ

ኮርቻውን ስታወርዱ የላቡን ቅርጽ አንብቡ። በረጠበው ጀርባ መካከል ደረቅ ሆና የቀረች ቦታ ካለች፣ ኮርቻው እዚያ ላይ አብዝቶ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ነጭ ጠጉር የበቀለበት ቦታ የቆየ ቁስል ምስክር ነው፤ ፈረስ ስትገዙም ግላሱን አስነሥታችሁ እዩት።

ገጣባ ከሆነ ኮርቻው ይቆም። አንድ ሊትር ውኃ አፍልታችሁ ሲበርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ጨው ጨምሩበትና በዚያ እጠቡት። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ እነዚህን ሁሉ በዚሁ ቁስል ላይ እንዳደርግ የመከሩኝ ሰዎች ነበሩ። አንዱንም አላደረግሁም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቆዳው ገጠመ፤ ጠጉሩ ነጭ ሆኖ በቀለ። ፈረሱም መንከስ ተወ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ኮርቻ ከመጫናችሁ በፊት፣ ከጫንቃው እስከ ወገቡ በአከርካሪው ግራና ቀኝ በሁለት ጣት እየተጫናችሁ ሂዱ። ቆዳው ከተንቀጠቀጠ ወይም ወገቡን ዝቅ ካደረገ ያን ቀን ኮርቻ አይነካውም፤ በገመድ ይዛችሁት ወደ ግጦሹ ሂዱ።